ጨው የሌለው ድስት

ፖኒሜ ከሆስፒታል ወጥታ ሉዌንጎኒ ከምትባለው የደሴት መንደር ቤቷ የገባች ቀን መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ባሏ ላይ አይደለም፤ ቢላዋዋ ላይ ነው። እጀታው በዓሣ ማጥመጃ ክር የተጠመጠመው የገዛ ቢላዋዋ፣ ከማጀቱ በር ላይ ከሚሰካበት ተነሥቶ ዋሳውሚ እጅ ገብቷል። ዋሳውሚ ጎንበስ ብላ ቦዬ ትልጣለች፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ፖኒሜ አንገቷ በፋሻ እንደታሰረ፣ ከመኪናው አንድ እግሯን ብቻ አውርዳ ቆም አለችና አየቻት። ያን ጊዜ ውስጧ የገባው ነገር ሁለት ወር ሙሉ አልወጣላትም። ስሙን ማድበስበስ አያስፈልግም፤ ቅናት ነው።

ዋሳውሚ ባዕድ አይደለችም፤ የዋርሳዋ ሚስት የነበረች ናት። የፖኒሜ ባል የዋፖትሮ ታናሽ ወንድም ጀልባው ተገልብጦ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ዋሳውሚ ከዚያ ወዲህ ከእነሱ ሁለት ቤት ዘለል ብላ ብቻዋን ትኖራለች። ሐኪሞቹ «ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ እንዳትጎነበሺ፣ እሳት ላይ እንዳትቆሚ» ብለው ፖኒሜን ሲያስጠነቅቁ፣ ዋፖትሮ ሚስቱን ሳያማክር ሄዶ «እባክሽ ማጀቱን ያዥልን» አላት። ያዘችው። እንዴት አድርጋ እንደያዘችው ግን የእግዜር ያለህ! በሦስተኛው ቀን የሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ቦታውን ቀይሯል፣ ጭልፋዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፣ ሃያ ዓመት ጥቀርሻ የለበሰው የማንቆርቆሪያ ቂጥ ፊት የሚያሳይ ሆኗል። ደግ ሰው ቢያየው «ተባረኪ» ይላል። ፖኒሜ ግን «የእኔን ቆሻሻ አገር እንዲያይልኝ ነው» አለች።

እሷ ደግሞ ማጀት መያዝ የማታውቅ ሴት አልነበረችም። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ሁለት ልጆች አሳድጋ ዋና ከተማው ኑሜያ ለሥራ ሰዳለች። ሃያ ዓመት የመንደሩን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ በሴቶች ክሪኬት ዱላ የያዘች፣ ኳሷን ከኮኮናቶቹ ማዶ የምትሰድ እሷ ናት። በበዓል ደግሞ ቦዬውንና ዶሮውን በኮኮናት ወተት ለውሳ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በጋለ ድንጋይ ታበስለዋለች፤ ሰርግ ላይ ሰው «የፖኒሜ ጥቅል የትኛው ነው?» እያለ ይጋፋል። ይህን የሚለው ግን ሌላው ሰው ነው። ዋፖትሮ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ «ይጥማል» ብሎ አያውቅም። ይበላል፣ ሳህኑን ይጠርጋል፣ ያገሳል፣ ይነሣል። ፖኒሜም «ወንድ አይደል፣ ምን ይበል» ብላ ይህንኑ እንደ ምስጋና ቆጥራ ኖራለች።

እብጠቱን ያየችው የክሪኬቱ ቀሚስ አንገትጌ አልዘጋ ያላት ጊዜ ነው። በዚህ ደሴት አንዲት ሴት ደጋግማ አንገቷን ስትዳብስ ምን እንደፈራች የሚጠይቅ የለም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊት የሚቀመጡትን ሴቶች ብታዩ የሦስት የአራቱ አንገት ላይ ያቺ የቀዶ ጥገና መሥመር አለች። ዋሳውሚም አለባት፤ ከአራት ዓመት በፊት ያው ሐኪም ነው የአንገቷን እጢ ያወጣላት። የእሷ ጠባሳ ግን ቀጥኖ ቀጥኖ ክር አክሏል፤ የማያውቅ ሰው ሐብል ያሰረች ይመስለዋል። የፖኒሜ ቀይ፣ ያበጠና በግራ በኩል የተጣመመ ነው። ድምፅዋም እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋረራል። መስታወት ፊት በቆመች ቁጥር «በአንድ ቢላ ለእሷ ሐብል፣ ለእኔ ገመድ» ትላለች።

«አይዞሽ፣ ጠባሳ ይበርዳል» አሏት ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤቷ እማማ ዚፖራ። እማማ ዚፖራ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ወሬ ሳይዙ የሰው ደጅ አይረግጡም።

«የዋሳውሚም እንዲህ ቀይ ነበር እማማ?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። «የለም፣ የእሷስ ከመጀመሪያውም ያምር ነበር መሰለኝ።»

«ሄደው ለእሷ ይንገሯታ!»

«ነግሬያታለሁ» አሉ እማማ ዚፖራ። «አሁን እንኳ ከሜዳው መምጣቴ ነው። ቅዳሜ ዱላ የሚይዝ ቢጠፋ እሷን አስገቧት። ሁለት ኳስ ብቻ ነው የመታችው፤ ሁለቱም ግን የት እንደገቡ እስካሁን እየተፈለጉ ነው። ቀሚስ ስላልነበራት ዋፖትሮ ያንቺን ከሳጥን አውጥቶ ሰጣት። አማረባት። ወገቡ ላይ ብቻ ትንሽ ሰፋት።»

ፖኒሜ በዚያ ቀን ምሳ አልበላችም። ወገቡ ሰፋት! ኳሱን ቢያጡት ይሻላል፣ ቀሚሱን ብትቀደው ይሻላል፤ ወገቡ ሰፋት የሚለው ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ቀረ።

በአራተኛው ሳምንት የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ማርሊዝ መጣች። ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ደሴቲቱን በትንሽ መኪና ስትዞር ነው የምትውለው። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ነገሩን ሳታለዝብ ነገረቻቸው። እጢው ቢወጣም የክፉው በሽታ ፍርፋሪ ፖኒሜ አንገት ውስጥ ቀርቷል። እሱን የሚያጠፋው ባሕር ማዶ ሲድኒ ሆስፒታል የሚሰጣት ጨረር ያለው የአዮዲን ክኒን ነው።

«ፍርፋሪው ክኒኑን እንዲውጥልን መራብ አለበት» አለች ሲስተር። «ሦስት ሳምንት አዮዲን ያለው ነገር አፍሽ አይገባም። ጨው የለም። ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ዛጎል፣ ከባሕር የሚመጣ ነገር የለም። እንቁላልም የለም።»

«ታዲያ ምን ቀረኝ?»

«ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ዶሮ፣ ፍራፍሬ፣ የኮኮናት ወተት።»

«ያለ ጨው?»

«ያለ ጨው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽንትሽን ኑሜያ ልከን እናስመረምራለን። ንጹሕ ከሆነ ትበሪያለሽ። ካልሆነ የሆስፒታሉ አልጋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ተራው ደግሞ ረጅም ነው፤ ፍርፋሪው ደግሞ እስከዚያ ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም።» ሲስተር ይህን የመጨረሻውን ስትናገር የምታየው ፖኒሜን ሳይሆን ዋሳውሚን ነበር፤ ድስቱ ያለው እሷ እጅ ነዋ።

«አውቀዋለሁ ሲስተር፣ አልፌበታለሁ» አለች ዋሳውሚ።

ፖኒሜ ይህንንም ልብ አለች። በገዛ ሞቷ ጉዳይ እንኳ ሰው እሷን ትቶ ዋሳውሚን ያያል።

ዋሳውሚ በማግሥቱ አንድ ድስት በአመድ ፈትጋ ለብቻው አስቀመጠች። «ይሄ የእትዬ ድስት ነው፣ ማንም እንዳይነካው» አለች። በዝናብ ውሃ፣ በዝንጅብል፣ በሎሚና በሽንኩርት ቅጠል ቦዬና ዶሮ ቀቀለች፤ መጨረሻ ላይ የኮኮናት ወተት አፈሰሰችበት። ዋፖትሮ ከባሕር ገብቶ ሲቀመጥ ደግነት ተነሣበት።

«ሚስቴ ጨው ካልቀመሰች እኔም አልቀምስም። ከዚሁ ስጡኝ» አለ።

አንድ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመና ሳህኑን አየ። «እንዴ!» አለ። «ይጥማል!»

የፖኒሜ ማንኪያ አፏ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት! ሃያ ሁለት ዓመት በጨው፣ በቅመም፣ በዓሣ ጭንቅላት፣ በሸርጣን መረቅ ያልወጣ ቃል፣ ጨው ለሌለው ውሃ ወጣ። እሱ ምንም አልመሰለውም፤ እየጎረሰ ስለ ጀልባው ሞተር ማውራት ቀጠለ። ፖኒሜ ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መለሰች። «ራበኝ ብዬ ነበር፣ አልራበኝም ለካ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዋሳውሚ ድስት አንዲት ጠብታ ከከንፈሯ አላለፈችም።

ምግቡ የት ሄደ ቢባል፣ ለቦዬ በዓል የሚቀለበው አሳማ ሆድ ውስጥ ነው። ዋሳውሚ ምሳውን አቅርባ ወደ ቦዬ ማሳ ስትወርድ ፖኒሜ ሳህኑን ወደ አሳማው በረት ትደፋለች። አሳማው በሁለት ሳምንት አንገቱ ከትከሻው ጋር ተገጣጠመ። እሷ ደግሞ ከድሮ ዕቃ መሃል ትንሽ ድስት አወጣች፤ ከውሃ ገንዳው ጀርባ ሦስት ድንጋይ ጎለተችና የራሷን ቦዬ ጣደች። መጎንበስ ተከልክላለች፤ ጎነበሰች። አንገቷ ሲወጥራት ጥርሷን ነከሰች።

የመጀመሪያውን ቀን ያለ ምንም ቀቅላ ቀመሰችው። አልዋጥ አላት። በሁለተኛው ቀን የዘይት ጠርሙስ ያዘችና በቀስታ ወደ ዓለቶቹ ወረደች። ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀር፣ አረንጓዴ የባሕር ሣር የሞላበት ጉድጓድ አለ። እናቷም አያቷም ከዚያ ነበር የሚቀዱት፤ የእሱ ውሃ ቦዬ ሲቀቀልበት ከሌላው ቦታ ውሃ ይልቅ ይጣፍጣል። ጠርሙሱን ሞልታ ተመለሰች። ትእዛዝ የጣሰች አልመሰላትም። ይህን ስላችሁ ልሟገትላት ብዬ አይደለም፣ በእኛ ሴቶች ዘንድ እውነቱ ይህ ስለሆነ ነው። ጨው ማለት ሱቅ የሚሸጠው፣ በካርቶን ያለው ነጭ ዱቄት ነው። ሲስተር የከለከለችው ዓይን ያለውንና ቅርፊት ያለውን ነው። የባሕር ውሃ ውሃ ነው፤ ማንም ጨው ብሎት አያውቅም። ፖኒሜ የተደበቀችው ያጠፋች መስሏት ሳይሆን ዋሳውሚ እንዳታያት ብቻ ነው። እንደ ልቧ በላች፣ መረቁንም ጠጣች። በየሁለት ቀኑ ጠርሙሷን ይዛ ትወርዳለች። አሁንማ እኔም ያለ ጨው አበስላለሁ፣ ያውም የሚጣፍጥ፣ እያለች ትኩራራለች።

መኩራራቱ ብቻውን ግን አልበቃትም፤ ሰው እንዲያውቅላት ፈለገች። ሁለተኛው እሑድ ላይ ዋሳውሚ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ ያን ቀን በዶሮና በኮኮናት ወተት የሠራችውን የራሷን ድስት ወደ ዋሳውሚ ማቅረቢያ ሳህን ገለበጠች፤ የዋሳውሚን ለአሳማው ሰጠች። ዋፖትሮ ይቀምሳል፣ ይደነግጣል፣ «ማን ነው የሠራው?» ይላል፤ ያን ጊዜ እሷ ቀና ትላለች። ሐሳቧ ይህ ነበር።

ዋፖትሮ ቀመሰ። ደነገጠም። «ዛሬስ ዋሳውሚ፣ እጅሽ የተለየ ነው!» አለ አፉን ሞልቶ። «ዛሬ ጣዕም አለው! የሆነ ነገር አድርገሽበታል!»

ዋሳውሚ አንድ ጎረሰች። ማኘክ አቆመች። ቀስ ብላ ፖኒሜን አየቻት፣ ከዚያ ሳህኗን አየች። «ኮኮናቱ ጥሩ ነበር» አለች። የቀረውንም አልነካችውም።

ፖኒሜ እሳት ጎረሰች። እውነቱን ብትናገር መደበቋ ሊወጣ ነው፤ ዝም ብትል የገዛ ጣዕሟ ለዋሳውሚ ተሰጠ። ዝም አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን አመማት ብላ ተኛች፤ ያመማት ግን ራሷ አልነበረም።

ሦስቱ ሳምንት አለቀ። ሽንቷ በብልቃጥ ሆኖ በአውሮፕላን ኑሜያ ሄደ። ፖኒሜ የሲድኒ ሻንጣዋን አዘጋጀች፤ አዲስ ቀሚስ አሰፋች፣ አንገትጌው ከፍ ያለ። ከዚያ ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ማርሊዝ መጣች፤ ከመኪናዋ ስትወርድ አለመሳቋን አይተው ሁሉም ቆሙ።

«አዮዲኑ ሞልቷል» አለች ሲስተር። «እንኳን ሊጎድል ጨምሯል። አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጠ።»

ዋፖትሮ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ድንገት ጭንቅላቱ ቀና አለ። ፊቱ ሲለወጥ ፖኒሜ አየችው፤ ምን ሊል እንደሆነም ከመናገሩ በፊት አወቀች።

«ያ እሑድ!» አለ። «ጣዕም ነበረው! በገዛ አፌ ተናግሬያለሁ! ዋሳውሚ፣ ምን ጨመርሽበት?»

ዋሳውሚ ማጀቱ በር ላይ ቆማለች። እጇ ውስጥ ያ ቢላዋ አለ።

«ጨው ነው? ተናገሪ እንጂ!»

«እጄ ተሳስቶ ይሆናል» አለች ዋሳውሚ መሬት መሬቱን እያየች።

«ተሳስቶ! የሰው ነፍስ ነው እኮ! የወንድሜ ሚስት ብዬ አምኜ...»

ሲስተር ማርሊዝ እጇን አነሣች። «ቆይ፣ ጨው ብቻ ላይሆን ይችላል። የባሕር ውሃም ያው ነው። በተለይ ያ ሣር ያለበት ጉድጓድ ከካርቶኑ ጨው የባሰ ነው። እዚህ ያሉ ሴቶች ውሃ ነው ብለው ይሳሳታሉ፤ አንተም ተው፣ እሷ ሳታውቅ ይሆናል።»

ፖኒሜ ክው አለች። ገመዱ የጠበቀባት መስሏት እጇን አንገቷ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር፤ አፏንም ከፍታ ነበር። መጀመሪያ የተሰማት ድንጋጤ ነው። ሁለተኛው ግን፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ደስታ ነው። ዋሳውሚ ትሄዳለች። ቢላዋው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የሻይ ቆርቆሮው ይመለሳል፣ «ይጥማል» የተባለችው ሴት ሰው ልትገድል የነበረች ሴት ትባላለች። ፖኒሜ የከፈተችውን አፏን ዘጋች።

ዋሳውሚ ቢላዋውን አጠበች፣ በሩ ላይ ሰካችው፣ ሽርጧን አስተካክላ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዋፖትሮ ንዴቱን ይዞ ወደ ጀልባው ወረደ፤ ፖኒሜ ብቻዋን ማጀቷ ውስጥ ቆመች። ስትመኘው የነበረው ይኸው ነው። ጭልፋዎቹን በታተነቻቸው። ቆርቆሮውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰች። ከዚያ ጠርሙሱ ትዝ አላት፤ ሰው ሳያየው ለመጣል ወደ ገንዳው ጀርባ ሮጥ አለች። ትንሿ ድስት ታጥባ ተደፍታለች። ሦስቱ ድንጋዮች ተነሥተዋል፣ አመዱ ተጠርጓል። ጠርሙሱ ደግሞ በአጥሩ እንጨት ላይ ተዘቅዝቆ ተሰክቷል፤ ጠብታው ገና አልደረቀም።

ታውቃለች! ዋሳውሚ ታውቃለች። ጠዋት በሄደችበት እግሯ በዚህ በኩል ዞራ ሁሉንም አይታለች። ፖኒሜ ገንዳውን ተደግፋ ቆመች። ነገ በዘመድ ፊት ልታጋልጠኝ ነው ብላ አሰበች፤ ሌላ ምን ታስብ፣ እሷ በዋሳውሚ ቦታ ብትሆን የምታደርገው ይህንኑ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ዋሳውሚ መጣች። እማማ ዚፖራን አስከትላለች። በአገሩ ወግ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እንደሚያደርገው ከደጁ ቆማ እስክትጠራ ጠበቀች። ዋፖትሮ ፊቱን አጥቁሮ አስገባት። ዋሳውሚ አዲስ ሽርጥ ጨርቅ ምንጣፉ ላይ ዘረጋች፤ በላዩ አንድ ረጅም ቦዬና አንድ ጥቅል ትንባሆ አስቀመጠች። ከዚያ ራሷን ደፍታ ቆመች። ፖኒሜ አሁን ታጋልጠኛለች እያለች ጠበቀች።

«ይቺን ትንሽ ጨርቅ ይዤ ፊታችሁ ቆሜያለሁ» አለች ዋሳውሚ። «በዚህ ቤት ማጀት ተሰጥቶኝ ነበር። የእትዬ መዳን በእኔ እጅ ነበር፤ እጄ ጎደለ። ሌላ የምለው የለኝም። ይቅር በሉኝ።»

ፖኒሜ የሰማችውን አላመነችም። ዋፖትሮ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ የተበደለችው እሷ ናት፣ ጨርቁን በእጇ የምትነካው እሷ ናት። ከነካችው ነገሩ ተዘጋ። በወግ የተቀበሉትን ነገር ዳግመኛ ማንሣት የለም፤ ዋሳውሚ እስክትሞት ጨው የጨመረች ሴት ሆና ትኖራለች፤ ማንም፣ ፖኒሜም ራሷ፣ ልትፈታው አትችልም።

ፖኒሜ እጇን አነሣች። እጇ ጨርቁ ጋ ሳይደርስ ቆመ። እዚያች የተደፋች ራስ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየች፤ በዚያች ቅጽበት እንኳ የተሰማት ሌላ ነገር አልነበረም። ይቅርታ መጠየቁንም እሷ ትቅደመኝ? ደግነቱንም እሷ ትውሰደው? ቦዬ በመላጥ በለጠችኝ፣ በጠባሳ በለጠችኝ፣ በወገብ በለጠችኝ፤ በዚህ ደግሞ አትበልጠኝም።

እማማ ዚፖራ ሳሉ። «ልጄ፣ እጅሽ ደርቆ ቀረ እኮ።»

ፖኒሜ ተነሥታ ወጣች። ዋፖትሮ «የት ነው?» ብሎ ጮኸ፤ የቀረበ ጨርቅ ሳይነኩ መሄድ ስድብ ነው። ስትመለስ ጠርሙሱን ይዛለች። አጎንብሳ ጨርቁ ላይ፣ ከቦዬው ጎን አስቀመጠችው።

«ድስቱ የኔ ነው» አለች በሚንቋረር ድምፅዋ። «ውሃው ከጉድጓዱ ነው፤ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእሷ እጅ አልበላሁም፤ አሳማውን እዩት። ጨው መሆኑን አላወቅሁም። ትናንት ሲስተር ስትናገር ግን አወቅሁ፤ አውቄም ዝም አልኩ። ይቅርታ የሚጠይቅ ካለ እኔ ነኝ።»

ዋፖትሮ አንዴ ጠርሙሱን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። «ከእሷ እጅ ለምን አልበላሽም?»

«ይጥማል አልካታ!»

«ምን?»

«ይጥማል አልካታ! ለእኔ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ሰውዬው ግንባሩን እያሻሸ «ያ እሑድ የበላሁት... ያንቺ ነበር?» አለ።

«የኔ ነበር።»

«እኔኮ ጥሞኝ ነበር።»

«አሁን ነው የምትነግራት፣ አንተ ግንድ!» አሉ እማማ ዚፖራ፤ ትንባሆውንም ማንም ሳይሰጣቸው ከጨርቁ ላይ አነሡት።

ዋሳውሚ ራሷን አቀናች። እንባ አለ፤ ግን ሳቅም ሊያመልጣት ነው። «እትዬ» አለች፣ «ያን እሑድ ጨውን ቀምሼ፣ ለእሱ ብቻ የሠራሽው መስሎኝ ነበር። ጠርሙሱን ያጠብኩት እሱ እንዳያገኘው ብዬ ነው። ታማሚ ላይ ይጮኻል ብዬ ፈራሁ።»

«ለምን? እኔ ያንቺ ምንሽ ነኝ? ቢላዋዬን ስትይዢ እንኳ ዓይኔ ደም ይለብስ ነበር።»

«አውቃለሁ። ቅናት ግን ያንቺ ብቻ መሰለሽ?» ዋሳውሚ ወደ ምንጣፉ፣ ወደ ሳህኖቹ አየች። «አምስት ዓመት ብቻዬን ነው የበላሁት። ብጨምርበት ባጎድልበት የሚናገረኝ የለም። አንቺ በድስቴ ቀናሽ፤ እኔ ደግሞ በሚበላልሽ ሰው።»

ፖኒሜ ሁለት እጇን ጨርቁ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ለሲድኒ ያሰፋችውን አንገትጌው ከፍ ያለ ቀሚስ ከሻንጣዋ አውጥታ በጨርቁ ላይ ደረበችና ወደ ዋሳውሚ ገፋችው። «ወገቡ ይሰፋሻል፣ አጥብቢው» አለች። ይህን ሳትል ማለፍ አልቻለችም።

ሲስተር ማርሊዝ ሌላ አልጋ ለማግኘት ሰባት ሳምንት ፈጀባት። ፍርፋሪው በእነዚያ ሳምንታት ምን እንደሠራ ማንም አያውቅም፤ ፖኒሜ አንገቷን መዳበስ አብዝታለች። አዲሱ ቀን ታወቀና ሦስቱ ሳምንት እንደ አዲስ ተጀመረ። ያ ድስት በአመድ ተፈተገ። ዋሳውሚ ዝንጅብሉን፣ ሎሚውን፣ የሽንኩርት ቅጠሉን ከተፈች፤ ፖኒሜ አጠገቧ ተቀምጣ እያንዳንዱ ነገር ድስቱ ውስጥ ሲገባ አየች። ቢላዋውን ስትሰጣት ግን ትንሽ ያዝ አድርጋ ነው የለቀቀችው።

ምሳው ቀረበ። ዋፖትሮ ጎረሰና አፉን ሊከፍት ሲል የሁለቱን ሴቶች ዓይን አየ፤ መልሶ ዘጋው።

ፖኒሜ ማንኪያዋን አነሣች። ይህን ድስት ስትጠላው፣ ለአሳማ ስትደፋው፣ ስትሸሸው ቆይታ አንድ ቀን እንኳ ቀምሳው አታውቅም ነበር። ጎረሰች። ዝንጅብሉ ጉሮሮዋን ቀስ ብሎ አሞቀው፤ ኮኮናቱ ቦዬውን ከውስጥ አለስልሶታል። መጥፎ እንዲሆን አጥብቃ ተመኘች። ሁለተኛ ጎረሰች። ዋሳውሚ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ታያለች፤ ጆሮዋ ግን እዚሁ ነው። ፖኒሜ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ ለሌላ ሰው መስጠቱ ከመዋጡ በላይ ከበዳት።

«ይጥማል» አለች።

ዋሳውሚ ጭልፋውን አነሣችና ጨመረችላት።